ስንጥቁ የት ይቆማል?

ጭድ ያልገባበት ጭቃ ግድግዳ አይሆንም። የጭቃ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሸክላማ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ግድግዳ ላይ የተመረገው ጭቃ ግን እንደ ልቡ እንዳይኮማተር ቋሚውና ማገሩ ይይዙታል። ስለዚህ ጭቃው ይወጠራል፤ ውጥረቱ ሲበረታም ከሁሉ በደከመው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። አንዴ የተከፈተ ስንጥቅ ደግሞ ባለበት አይረጋም። የግድግዳው ውጥረት ስንጥቁ ጫፍ ላይ ስለሚከማች መንገዱን እየቀደደ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ውሃ ይገባበታል፣ ምርጊቱም እየተገመሰ ይረግፋል።

ጭድ ሲኖርበትም ስንጥቅ መጀመሩ አይቀርም። ጥቂት እንደሄደ ግን ከአንድ የጭድ ዘለላ ጋር ይገናኛል። ለማለፍ ዘለላውን መበጠስ ወይም ከጭቃው መንቀል አለበት፤ ሁለቱም ጉልበት ይጠይቃሉ። ጉልበቱ ሲያልቅበት እዚያው ይቆማል። ግድግዳው ገና እየደረቀ ነውና ሌላ ቦታ ሌላ ስንጥቅ ይጀምራል፤ እሱንም ሌላ ዘለላ ይይዘዋል። ቤቱን ሊያፈርስ ይችል የነበረው አንድ ሰፊ ስንጥቅ በመቶ ቦታ ተበትኖ ዓይን የማያየው ፀጉር ይሆናል።

አዛውንት ቤት ሠሪዎች የጤፍ ጭድን ከስንዴና ከገብስ ጭድ አስበልጠው የሚመርጡት በልማድ ብቻ አይደለም። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ በአንድ እፍኝ ውስጥ ያለው ዘለላ እጅግ ብዙ ነው። ዘለላው በበዛ መጠን ስንጥቁ ጭድ ሳያገኝ የሚሄደው ርቀት ያጥራል። ጭቃውን በእግር እየረገጡ ለቀናት ማቡካትም ምክንያት አለው፤ ጭዱ ይለሰልሳል፣ አፈሩ ውሃውን እኩል ይጠጣል፣ ሁለቱ በደንብ ይነካካሉ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 ፈርዖን እስራኤላውያንን ሊያስጨንቅ ሲያስብ የጡብ ጭድ እንዳይሰጣቸውና ራሳቸው እንዲለቅሙ ያዘዘው፣ የጡቡን ቁጥር ግን እንዳይቀንሱ የከለከለው፣ ያለ ጭድ ጡብ እንደማይሆን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በዛሬው የምሕንድስና ቋንቋ ኮምፖዚት ይባላል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ቁሶች አንድ ላይ ይሆናሉ፤ ግን አንዱ በሌላው ውስጥ አይሟሟም። ጭዱ ጭድ ሆኖ ይቀራል፣ ጭቃውም ጭቃ። አንደኛው ክር ነው፣ ሌላኛው ክሩን አቅፎ የሚይዝ ማያያዣ። እንጨት በተፈጥሮው ኮምፖዚት ነው፤ የሴሉሎስ ክሮች ሊግኒን በሚባል ማያያዣ ተይዘው የተሠራ። አጥንታችንም እንዲሁ፣ ኮላጅን የተባለ ክር በካልሲየም ማዕድን ተሞልቶ። ስለ ኮምፖዚት ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ጥንካሬና ስለ ቅለት ነው። እኔ ግን ከጭቃ ግድግዳ እስከ አውሮፕላን አካል ድረስ አንድ ጥያቄ ይዞ መሄድ የበለጠ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ፦ ስንጥቅ ሲጀምር ምን ያቆመዋል?

መልሱን በቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ማየት ይቻላል። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ጄሶ፣ ከፋርማሲ ጎዝ መግዛት ይበቃል። ጄሶውን በውሃ በጥብጦ ረዘም ባሉ ሦስት ጠፍጣፋ ዕቃዎች ውስጥ የጣት ውፍረት ያህል ማፍሰስ። አንዱ ጄሶ ብቻ ይሁን። በሁለቱ ግን መጀመሪያ ስስ ጄሶ አፍስሶ፣ ሁለት ሦስት ድርብ ጎዝ ዘርግቶ፣ ቀሪውን ከላይ መጨመር ነው። በደንብ ሲደርቁ አውጥቶ፣ ጫፍና ጫፋቸውን በሁለት መጻሕፍት ላይ አስደግፎ፣ መሃላቸውን በመዳፍ መጫን። ጄሶ ብቻ የሆነው ቀጭ ብሎ ለሁለት ይሰበራል። ጎዙ ከታች በኩል ያለበት ከሥሩ ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣል፤ ነገር ግን አይለያይም። የተሰበረ እጅ ሲታሰር ሐኪም ጄሶን ከጎዝ ጋር የሚጠቀመው ለዚህ ነው።

ሦስተኛውን ግን ገልብጡት፤ ጎዙ ከላይ በኩል እንዲሆን አድርጋችሁ ጫኑት። ጎዝ እንደሌለው ሁሉ ከታች ተሰንጥቆ ስንጥቁ ሽቅብ ይሮጣል። ጎዙ አለ፣ ብዛቱም ያው ነው፣ ቦታው ግን ልክ አይደለም። አንድ ነገር መሃሉ ተጭኖ ሲጎብጥ የላዩ ጎን ይጨመቃል፣ የታቹ ጎን ይለጠጣል። ጄሶ፣ ድንጋይና ኮንክሪት መጨመቅን ይችላሉ፤ መለጠጥን አይችሉም። ኮንክሪት ተስቦ የሚሸከመው ተጨምቆ ከሚሸከመው አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ክሩ መቀመጥ ያለበት የሚለጠጠው ጎን ላይ ነው።

አርማታ የዚህ ጄሶ ታላቅ ወንድም ነው። ፈረንሳዊው አትክልተኛ ጆሴፍ ሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1867 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው በቀጭን ብረት መረብ ለተጠናከረ የሲሚንቶ የአበባ ማሰሮ ነበር። ብረትና ኮንክሪት አብረው መኖር የቻሉት ግን በዕድልም ጭምር ነው። የመጀመሪያው ዕድል ሙቀት ነው። አሥር ሜትር ርዝመት ያለው ፌሮ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር በ2.4 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ኮንክሪቱ ደግሞ በ2 ሚሊሜትር ገደማ። ተቀራራቢ ስለሆኑ ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲበርድ አንዱ ከሌላው አይላቀቅም። በፌሮው ፋንታ አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ ከ4.5 ሚሊሜትር በላይ ይለጠጥ ነበርና ሁለቱ በየቀኑ ሲጓተቱ ይላቀቁ ነበር። ሁለተኛው ዕድል ኬሚስትሪ ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ጠንካራ አልካሊ ስለሆነ በብረቱ ቆዳ ላይ ዝገት የሚከላከል ስስ ሽፋን ይፈጥራል።

እዚህ ላይ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ የሚጎብጠው በተቃራኒው ነው፤ የሚለጠጠው የላዩ ጎኑ ነው፤ ዋናው ፌሮም መቀመጥ ያለበት ከላይ በኩል ነው። ሙሌት በሚሞላበት ቀን ሠራተኛ ፌሮው ላይ እየተራመደ ወደ ታች ከረገጠው፣ በወረቀት ላይ ትክክል የነበረው በረንዳ የተገለበጠው ጄሶ ይሆናል። ከውጭ ሲታይ ምንም አይለይም። የፌሮው ሽፋንም እንዲሁ ነው። ፌሮው ከጣውላው ጋር ተጣብቆ ከተሞላ፣ ጣውላው ሲነሣ ብረቱ ፊቱን ለአየር ይሰጣል። ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ያህል የኮንክሪት ልብስ ቢኖረው ለረጅም ዘመን አይዝግም፤ ሲራቆት ግን ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከነበረው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። ስንጥቅ እንዲያቆም የገባው ብረት ራሱ ስንጥቅ ፈጣሪ ይሆናል ማለት ነው። ከፌሮው ሥር የሚደረጉት ትንንሽ የሲሚንቶ ወይም የፕላስቲክ ስፔሰሮች ዋጋቸው ከቤቱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ መኖራቸውን በዓይኑ ቢያይ እመክራለሁ።

ጭድና ፌሮ ዓይን የሚያያቸው ክሮች ናቸው። የዘመኑ ኮምፖዚት የተወለደው ክሩ ከፀጉር በታች ሲቀጥን ነው፤ ምክንያቱንም መጀመሪያ ያሳየው አለን አርኖልድ ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ግሪፊዝ መስታወት ለምን እንዲህ ደካማ ሆነ ብሎ ጠየቀ። በውስጡ ያሉት አተሞች እርስ በርስ የተያያዙበት ኃይል ሲሰላ መስታወት ከሚሰበርበት ኃይል እጅግ የበለጠ መሸከም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው ጽሑፉ መልሱን ሰጠ። ተራ መስታወት ገጹ ላይ ዓይን የማያያቸው ጭረቶች አሉበት፤ ጭነቱ በእነዚያ ጭረቶች ጫፍ ላይ ይከማችና መስታወቱን ከዚያ ይከፍተዋል። ከዚያ መስታወቱን አቅልጦ እየሳበ ቀጭን፣ ይበልጥ ቀጭን ክር አደረገው። ክሩ በቀጠነ ቁጥር ጥንካሬው ጨመረ። 3 ማይክሮን ገደማ የደረሰው፣ ማለትም ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነው ክር፣ ለስፋቱ የሚሸከመው ከተራው መስታወት 20 እጥፍ ያህል ሆነ። በቀጭን ክር ውስጥ ለትልቅ ጭረት የሚሆን ቦታ የለምና።

ይህ ለእኔ በቁስ ሳይንስ ውስጥ ከተገኙት ነገሮች ሁሉ እጅግ ደስ የሚያሰኘኝ ነው። ደካማ የተባለው ነገር ሌላ ንጥረ ነገር ሳይጨመርበት፣ ቅርጹ ብቻ ተለውጦ ከብረት በለጠ። አንድ ወፍራም የመስታወት ዘንግ በአንድ ጭረት ይጠፋል። በሺህ የሚቆጠሩ ክሮች ሆኖ ሲታሰር ግን አንዱ ክር ቢበጠስ ስንጥቁ እዚያው ያበቃል፤ ቀጣዩን ክር ለመበጠስ እንደ አዲስ መጀመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 ጆን ኩክና ጄምስ ጎርደን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። ክሩና ማያያዣው እጅግ አጥብቀው መያያዛቸው ጥሩ አይደለም። ከመጠን በላይ ከተጣበቁ ስንጥቁ ክርና ማያያዣ ሳይለይ እንደ አንድ ቁስ ሰንጥቆ ያልፋል። መገናኛቸው በመጠኑ የላላ ሲሆን፣ በስሌታቸው ከቁሱ ጥንካሬ አንድ አምስተኛ ያህል ሲሆን፣ ስንጥቁ ክሩ ዘንድ ሲደርስ መገናኛውን ይከፍታል፣ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ጫፉም ይዶለድማል። ጭድ ከጭቃ ውስጥ እየተጎተተ ስንጥቁን እንደሚያደክመው ማለት ነው።

ክር ብቻውን ግን ዕቃ አይሆንም። ሲስቡት ይበረታል፣ ሲገፉት ይተጣጠፋል። ማያያዣው ክሩን በቦታው ያቆመዋል፣ እንዳይታጠፍ ዙሪያውን ይደግፈዋል፣ አንዱ ክር የተሸከመውን ለጎረቤቱ ያካፍላል፣ ከውሃና ከጭረትም ይጠብቀዋል። በፋይበር ግላስ፣ ማለትም በመስታወት ክር ሥራ፣ ማያያዣው ሬዚን የተባለ ፈሳሽ ነው። የአሠራሩ ቀላሉ መንገድ በእጅ መሥራት ነው። የሚፈለገው ዕቃ ቅርጽ ያለው ሞልድ ይዘጋጃል፤ ዕቃው እንዳይጣበቅ በሰም ይታሻል። መጀመሪያ ለውጭ ገጽ የሚሆን ባለቀለም ሬዚን ይቀባል። እሱ ሲጠነክር ከተቆራረጠ የመስታወት ክር የተሠራ ምንጣፍ ይነጠፍና ሃርድነር የተባለ ማጠንከሪያ የተጨመረበት ሬዚን በብሩሽ እንዲጠጣ ይደረጋል። ከዚያ ባለ ጥርስ ሮለር እየተገፋ አየሩ ይወጣል። ሌላ ድርብ፣ ሌላ ሬዚን፣ ሌላ ሮለር።

በዚህ ሥራ ባለሙያን ከጀማሪ የሚለየው ሮለሩ ነው። ውስጥ የቀረ አየር ክርና ሬዚን ያልተገናኙበት ባዶ ቦታ ነው፤ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። ሬዚን ማብዛትም ስሕተት ነው። ጥንካሬው ያለው በክሩ ውስጥ ስለሆነ ሬዚን የበዛበት ዕቃ ከባድና ተሰባሪ ይሆናል። ለሚሠራው ሰው ጤና ደግሞ ጓንትና ትክክለኛ የጋዝ መከላከያ ጭንብል የግድ ናቸው፤ የፖሊስተር ሬዚን ሽታ ስታይሪን የተባለ ጎጂ ኬሚካል ነው፣ ሲፋቅ የሚበነው የመስታወት ብናኝም ለዓይን፣ ለቆዳና ለሳንባ ክፉ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አፋቸውን በጨርቅ ብቻ ሸፍነው የሚሠሩ ወጣቶችን ማየት ያሳዝናል።

ሬዚኑ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም። ፈሳሹ ውስጥ ያሉት ሰንሰለታማ ሞለኪውሎች ሃርድነሩ ሲነካቸው እርስ በርስ በየአቅጣጫው ይቋጠራሉ፤ ሲቋጠሩም ሙቀት ያወጣሉ። የተቀቀለ እንቁላል ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም ወደ ፈሳሽ እንደማይመለስ፣ የተቋጠረ ሬዚንም መልሶ አይቀልጥም። ይህ ጠባዩ ለተሽከርካሪና ለአውሮፕላን ሙቀት ጥሩ ነው፤ ዕቃው አርጅቶ ሲጣል ግን ችግር ነው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሌላው መታወቅ ያለበት አቅጣጫ ነው። እንጨት የፈለጠ ሰው ያውቀዋል፤ በክሩ አቅጣጫ በአንድ ምት ይከፈላል፣ በአግድሙ ግን መጥረቢያው ይነክሳል እንጂ አያልፍም። ኮምፖዚትም በክሩ አቅጣጫ ብርቱ፣ በአግድሙ ደካማ ነው። ኮምፐንሳቶ የሚሠራው ስስ የእንጨት ገጾችን አንዱን በቁመት ቀጣዩን በአግድም እያደረጉ በማጣበቅ የሆነው ለዚህ ነው። የኮምፖዚት መሐንዲስም ድርቦቹን አንዱን በቁመት፣ አንዱን በአግድም፣ ሌሎቹን በ45 ዲግሪ ሰያፍ ያደርጋል። ብረት የሚገዛ መሐንዲስ የተዘጋጀ ቁስ ይገዛል። ኮምፖዚት የሚሠራው ግን ቁሱንም ዕቃውንም በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ጭነቱ ወዴት እንደሚሄድ አስቦ ክሩን በዚያው ይዘረጋል። ጭነቱን በስሕተት ከገመተ ስሕተቱም አብሮ ይጋገራል።

የካርቦን ክር ከመስታወት ክር የሚለየው በግትርነቱ ነው፤ ሲሳብ እጅግ ጥቂት ነው የሚለጠጠው። አብዛኛው የሚሠራው ከፖሊአክሪሎናይትራይል ነው፤ ይህም የአክሪሊክ ሹራብ ክር ዘመድ ነው። ክሩ መጀመሪያ እንደተወጠረ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት አየር ውስጥ ይጠበሳል፤ ነጭ የነበረው ይጠቁራል፣ ከዚያ በኋላም አይቀልጥም። ቀጥሎ ኦክስጅን በሌለበት ናይትሮጅን ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ኦክስጅን ቢኖር ይነድ ነበር፤ ስለሌለ ግን ሌላው ንጥረ ነገር በጋዝ መልክ ይወጣና ካርቦኑ ብቻ በክሩ ርዝመት ተሰልፎ ይቀራል። ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ማይክሮን ነው። ኢፖክሲ ከተባለ ሬዚን ጋር ሲሆን የአንድ ሊትር መጠን ያለው ቁስ 1.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት 7.8 ኪሎ ነው።

ይህ ቁስ ወደ እኛ ሰማይ በሰፊው የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ሲረከብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው፣ በዓለምም ከጃፓን ውጪ የመጀመሪያው ሆነ። የዚህ አውሮፕላን ክብደት ግማሹ ኮምፖዚት ነው። አካሉ የሚሠራው እንደ በርሜል ባሉ ሙሉ ክብ ክፍሎች ነው። አስቀድሞ ሬዚን የጠጣ የካርቦን ክር ጥብጣብ እንዳይጠነክር በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ከዚያ በሚሽከረከር ትልቅ ሞልድ ላይ ማሽን ጥብጣቡን በተለያየ አቅጣጫ ይጠመጥማል። ሲያልቅ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አየሩ ይመጠጥና አውቶክሌቭ በተባለ ግዙፍ ምድጃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ግፊቱም ከከባቢ አየር ብዙ እጥፍ ስለሆነ የቀረችውን የአየር አረፋ ሁሉ ይጨፈልቃል። በእጅ ሥራው ሮለር የሚሠራውን ሥራ እዚህ ግፊቱ ይሠራዋል። በአሉሚኒየም ቢሆን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ብሎን የሚያስፈልገው አካል እንዲህ ብዙ መገጣጠሚያ ሳይኖረው ይወጣል።

ተሳፋሪውም ልዩነቱ ይሰማዋል። የአሉሚኒየም አውሮፕላን በየበረራው ሲነፋና ሲተነፍስ አሉሚኒየሙ ስለሚደክም፣ የካቢኑ አየር 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ አየር ጋር እስኪመሳሰል ድረስ እንዲሳሳ ይደረጋል፤ ይህ ከአዲስ አበባ አየር ጋር የተቀራረበ ነው። የ787 አካል ግን ያ ድካም ስለማያሰጋው ካቢኑ በ1,800 ሜትር ገደማ ይያዛል። ስለዚህ ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ በሰማይ ላይ እያለ የሚተነፍሰው አየር ቤቱ ከሚተነፍሰው የጠጠረ ነው። ኮምፖዚት ስለማይዝግም አየሩ እርጥበት እንዲኖረው ይፈቀዳል፤ ጉሮሮ ያን ያህል የማይደርቀው ለዚህ ነው። ክንፉ ደግሞ ይለመጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 በተደረገው የምድር ላይ ፈተና በሥራ ላይ ሊያጋጥመው ከሚችለው ከፍተኛ ጭነት 150 በመቶው ሲጫንበት የክንፉ ጫፍ ከ7 ሜትር በላይ ሽቅብ ታጥፎ አልተሰበረም። ጣጣ የለውም ማለት ግን አይደለም። ካርቦን ከአሉሚኒየም ጋር እርጥበት ላይ ሲነካካ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ስለዚህ በብዙ ቦታ ውድ የሆነው ቲታኒየም ገብቷል። መብረቅንም እንደ አሉሚኒየም በቀላሉ ስለማያሳልፍ ከላይኛው ድርብ ሥር ስስ የብረታ ብረት መረብ ይደረግበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳት ማየቱ ነው። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጎዳል፤ ያየ ሁሉ ያውቃል። ኮምፖዚት ሲመታ ገጹ ተመልሶ ልሙጥ ሊሆን ይችላል፤ ውስጥ ግን ድርቦቹ ተላቅቀው ይሆናል። በድርቦቹ መካከል የሚያልፍ ክር የለምና ስንጥቁ እዚያ የሚያቆመው አያገኝም። ስለዚህ ጥገና ባለሙያዎች በድምፅ ሞገድ ውስጡን ያያሉ፤ በትንሽ መዶሻ እየመቱም ያዳምጣሉ፤ ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ፣ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የተጎዳው ክፍል ድርብ በድርብ እንደ ደረጃ ተፍቆ ይወጣል፤ በየደረጃው አዲስ ድርብ በቀድሞው አቅጣጫ ይተካል፤ በላስቲክ ተሸፍኖ በሙቀት ብርድ ልብስ ይጋገራል። የሞተር ሳይክል ሄልሜትም አንድ ጊዜ በከባድ ከተመታ መቀየር ያለበት፣ ሰላም ቢመስልም፣ ጉዳቱ ውስጥ ተደብቆ ሊቀር ስለሚችል ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 ነው። ንግሥተ ሳባ የተባለው የኢትዮጵያ ድሪምላይነር ለንደን ሂትሮው ላይ ባዶውን ቆሞ ሳለ ከጅራቱ በፊት ባለው የላይኛው አካሉ ውስጥ እሳት ተነሣ። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች መንስኤው በአደጋ ጊዜ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ የሚያስታውቅ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን አገኙ፤ ሽቦዎቹ በክዳኑ ሥር ተጠላልፈው ተጨፍልቀው ነበር። የባትሪው ሙቀት ሬዚኑን አፈራረሰው፤ ሬዚኑም ቀስ ብሎ እየነደደ እሳቱን አስፋፋ። ክር የማይፈራው ሙቀት ማያያዣውን ያጠፋል፤ ማያያዣ የሌለው ክር ደግሞ ጨርቅ ነው። ያኔ እንዲህ ያለ አካል ይጠገናል ወይ ብለው የጠየቁ ብዙዎች ነበሩ። ተጠገነ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ወደ ሥራ ተመለሰ።

አሁን ኋላ እመጣበታለሁ ወዳልኩት፣ አርጅቶ ወደሚጣለው ዕቃ ችግር ለመምጣት ወደ አዳማ ልውረድ። ከከተማዋ አጠገብ ባሉት ኮረብቶች ላይ በሁለት ዙር የተተከሉት 136 የነፋስ ተርባይኖች እያንዳንዳቸው ሦስት ክንፍ አላቸው። ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝመው ክንፍ ፋይበር ግላስ ነው፤ ያለዚያ ቁስ እንዲህ ረጅም ሆኖ እንዲህ ቀላል ሊሆን አይችልም ነበር። ደረቁ የመስታወት ጨርቅ በሞልድ ላይ ይነጠፋል፣ በመሃሉ ቀላል እንጨት ወይም አረፋ ይገባል፣ በላስቲክ ይታሸግና አየሩ ሲመጠጥ ሬዚኑ ራሱ እየተሳበ ጨርቁን ያርሰዋል። ሁለቱ ግማሾች ከዚያ ይጣበቃሉ። የተለመደው የአገልግሎት ዘመን 20 ዓመት ያህል ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሲወርዱ 408 ክንፎች ናቸው። አይቀልጡም፣ አይበሰብሱም፣ ብረት ለቃሚም አይገዛቸውም።

መፍትሔ መፈለጉ ግን ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲመንስ ጋሜሳ በቀላል አሲድ የሚሟሟ ሬዚን ያለው ክንፍ አውጥቷል፤ አዳማ ላይ የቆሙት ግን ያን ዓይነት አይደሉም። ለእነዚህ ጀርመን ውስጥ የሚሠራበት መንገድ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ክንፉ ይቆራረጣል፣ ይፈጫል፣ ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ይገባል። ሬዚኑ ነድዶ ማገዶ ይሆናል፤ የመስታወቱ ሲሊካና ካልሲየም የሲሚንቶው አካል ይሆናሉ። እኛም ሙገርን፣ ደርባንና ሌሎችን የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይዘናል። የጎደለው መቁረጫው፣ መፍጫውና የብናኙ መከላከያ ነው። እነዚያን የሚያቅድና ከፋብሪካዎቹ ጋር የሚነጋገር ባለሙያ የመጀመሪያው ክንፍ ሳይወርድ ከአሁኑ ቢመደብ እወዳለሁ።